ከባዱ ሞደምና ቀላሉ ሞደም፦ የስልክ ኢንተርኔት በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዕቃዎች አስቀምጫለሁ። ሁለቱም ሞደም ይባላሉ። ሁለቱም በአንድ ወገን የስልክ መስመር፣ በሌላው ወገን የዩኤስቢ ገመድ ይቀበላሉ፤ በማሸጊያቸው ላይ የተጻፈው ፍጥነትም አንድ ነው፤ በሴኮንድ 56 ሺህ ቢት። አንደኛው ግን መዳፍ የሚሞላና ከበድ ያለ ሲሆን ሌላው ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ከባዱ ከሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተግባባ። ቀላሉ ሦስት ሳምንት ለፍቼበት እምቢ አለ። የዛሬው ንግግሬ የዚህን ልዩነት ምክንያት የሚመረምር ነው፤ ምክንያቱም ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ ወደ ታሪክ ያደላል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ በስልክ መስመር የሚገኝ ኢንተርኔት ምን እንደነበር ስለማታውቁ ባጭሩ ልግለጽ። የስልክ መስመር የተዘረጋው የሰውን ድምፅ ለማስተላለፍ ነው፤ የሚያሳልፈውም በግምት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ዜሮና አንድ እንጂ ድምፅ የለውም። ሞደም በሁለቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ ከወዲህ ዜሮና አንዱን ወደ ድምፅ ይለውጣል፣ ከወዲያ ድምፁን ወደ ዜሮና አንድ ይመልሳል። ሲደወል ይሰማ የነበረው ያ ፉጨትና ጩኸት ሁለት አስተርጓሚዎች በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚነጋገሩ ሲስማሙ ነበር። መስመሩ በኢንተርኔት ሲያዝ ስልክ አይገባም፤ አንድ ሰው በሌላ ክፍል ስልኩን ቢያነሣ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

አስተርጓሚ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ይህ አስተርጓሚ የተቀመጠው የት ነው? ቋንቋውንስ ማን ያውቀዋል? የምተርከው ሁሉ ወደ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይመለሳል።

በ2005 ገደማ በአንድ የክፍለ ሀገር ኮሌጅ ረዳት መምህር ነበርኩ። ለክፍላችን አንዲት ኮምፒውተር ነበረችን። ዊንዶውስ ተጭኖባት ሳለ በፍሎፒ የሚመጣ ቫይረስ ሁለት ጊዜ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስላጠፋብን ሊኑክስ ጫንባት። ከዚያ በኋላ ጽሑፍ አልጠፋም፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ። ነባሩ ሞደም ተቃጥሎ ስለነበር ኮሌጁ ይህን ትንሹን የዩኤስቢ ሞደም ገዛልን። በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዕድል አግኝቶ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በየጊዜው ተጨማሪ መረጃ በኢሜይል እየጠየቀ በአጭር ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋል። በከተማችን ኢንተርኔት ቤት አልነበረም። ኢሜይል ለማየት በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት መሄድ፣ ሁለት ሰዓት መመለስ ነበረበት። በዚህ ምክንያት የሞደሙ ነገር የሁለታችንም ጭንቀት ሆነ።

ትንሹን ሞደም ስሰካው ኮምፒውተሯ አንድ ነገር እንደተሰካባት ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ከሞደሙ ጋር የመጣው ሲዲ የዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ ይዟል። የሊኑክሱ ድራይቨር ኢንተርኔት ላይ እንደሚገኝ ሰምቼ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ በሁለት ፍሎፒ ከፋፍዬ አመጣሁት። ሲከፈት ደግሞ የከርነሉን ምንጭ ኮድ፣ ያውም በትክክል እኛ የጫንነውን ዕትም ይጠይቃል። እርሱም ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ሆንኩ፤ ሞደሙን ለማሠራት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ሞደም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ድራይቨሩ ሲጫን ኮምፒውተሯ ደርቃ ቀረች።

ያን ዕለት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ ሞደሙን ልመልስ ስል፣ እትዬ መዝገባቸውን ዘግተው ከመደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ ካርቶን ሳቡ። ከተዘጋ ፕሮጀክት የተረፈ ዕቃ ነበር። ከውስጡ ይህን ትልቁን ሞደም አውጥተው ሁለቱን በሁለት እጃቸው መዘኑና፣ «ልጄ፣ ያንተው ባዶ ነው። ይኼኛው ዕቃ አለው፤ በል ይህን ሞክር» አሉኝ። እትዬ ስለ ሞደም የሚያውቁት አልነበረም። የተናገሩት ግን ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ከወራት በኋላ ሁለቱንም በጠመዝማዛ መፍቻ ከፍቼ ሳይ ነው። በትልቁ ውስጥ የራሱ አንጎለ ኮምፒውተር፣ የራሱ ማስታወሻ፣ ድምፅን የሚያሰላ ቺፕ አለ። በትንሹ ውስጥ ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኝ ክፍልና አንዲት ቺፕ ብቻ።

ትልቁን ሰካሁት። የከርነሉ መልእክት ወዲያው አንድ መስመር ጻፈ፤ የዩኤስቢ ኤሲኤም መሣሪያ ተገኝቷል፣ ስሙም ቲቲዋይ-ኤሲኤም-0 ነው የሚል። ተርሚናል ከፍቼ ኤ እና ቲ የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ጻፍኩ። ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ መለሰ።

እነዚህ ሁለት ፊደላት ከየት መጡ? እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ የስልኩ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ያልሠራውን ዕቃ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ክልክል ነበር። በ1962 የወጣው ቤል 103 የተባለው ሞደም፣ በሴኮንድ 300 ቢት የሚያስተላልፈው፣ የራሱ የኩባንያው ነው። በ1968 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የቴክሳሱ ቶም ካርተር ባቀረበው ክስ ላይ፣ ካርተርፎን የተባለውን የሬዲዮ ማገናኛ ደግፎ ወሰነ፤ መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ የሌላ ሰው ዕቃ መገናኘት እንዲችል ፈቀደ። ያለዚህ ውሳኔ የምንናገርለት የሞደም ገበያ ባልተፈጠረም ነበር።

በዚያ ገበያ ውስጥ ዴኒስ ሄይዝና ዴል ሄዘሪንግተን በአትላንታ በ1981 ስማርት ሞደምን አወጡ። ከእርሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ራሱ ደውሎ፣ ፉጨቱን ሰምቶ፣ ከዚያ ሞደሙን ያገናኝ ነበር። ስማርት ሞደም ግን ከኮምፒውተሩ በጽሑፍ ትዕዛዝ ይቀበላል። ኤቲ ማለት «ልብ በል» ለማለት የቀረበ የእንግሊዝኛ ቃል ምሕጻር ነው። ቀጥሎ ዲ ቢጻፍ ደውል፣ ኤች ቢጻፍ ዝጋ፣ ኤ ቢጻፍ አንሣ ማለት ነው። የፊደላቱ ምርጫ ብልኀት ነበረበት። ኤ የሚለው ፊደል በአስኪ ኮድ ሲላክ ከመነሻው ዜሮ ቀጥሎ ወዲያው አንድ ይመጣል፤ ሞደሙ የዚያችን ዜሮ ርዝመት ለክቶ ኮምፒውተሩ በምን ፍጥነት እየተናገረ እንደሆነ ያውቃል። በኤ ውስጥ ያሉት አንዶች ሁለት፣ በቲ ውስጥ ያሉት ሦስት ስለሆኑ ደግሞ ሁለቱን አነጻጽሮ የስሕተት መቆጣጠሪያዋ ቢት ሙሉ ናት ወይስ ጎደሎ የሚለውን ይለያል። በሁለት ፊደል ሰላምታ ውስጥ ይህን ሁሉ ማስገባታቸውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

የትዕዛዙ ቋንቋ ተስፋፋ፤ ተፎካካሪዎች ሁሉ ቀዱት፤ በ1990ዎቹም የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በደንብነት አጸደቀው። አንዲት ነገር ግን በፓተንት ታጥራ ቀረች። ሞደሙ መረጃ በማስተላለፍ ላይ ሳለ ወደ ትዕዛዝ መቀበል እንዲመለስ ሦስት የመደመር ምልክት ይላክለታል፤ የሄይዝ ሞደም ከምልክቶቹ በፊትና በኋላ የአንድ ሴኮንድ ዝምታ ይጠብቃል። ፓተንቱ ያረፈው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ክፍያውን የሸሹ አንዳንድ አምራቾች ዝምታውን አስቀሩት። በዚህም የተነሣ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት መደመርና የመዝጊያው ትዕዛዝ ተከታትለው ቢገኙ የአንባቢው ስልክ ይቋረጥ ነበር። ሄይዝ ኩባንያው ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከስሮ ተዘጋ፤ ቋንቋው ግን ቀጠለ።

አሁን ወደ ሊኑክስ ልለፍ። ሊኑክስ በሞደም ምክንያት ተወለደ ብል ብዙም አላጋነንኩም። በ1991 የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ በአዲሱ ኮምፒውተሩ ከቤቱ ሆኖ በሞደም ወደ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚገባበት የተርሚናል ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ያ ፕሮግራም ፋይል ማስቀመጥ፣ ዲስክ ማንበብ እያለ አድጎ ከርነል ሆነ። የዘመኑ ጓደኛው ላርስ ቪርዜኒየስ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ቶርቫልድስ ሊደውል ሲል በስሕተት በሞደሙ ፈንታ የሃርድ ዲስኩን ስም ሰጠ። የመደወያው ትዕዛዝ በዲስኩ ላይ ተጻፈበት፤ የሚሠራበት ሚኒክስ የተባለ ሥርዓትም ጠፋ። በሊኑክስ ውስጥ የፋይል ፈቃድ የገባው ከዚህ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ይስቃሉ። ለታሪክ ተማሪ ግን የሚነግረው ነገር አለ፤ በሊኑክስ ዓይን ሞደም እንደ ፋይል የሚጻፍበትና የሚነበብ ዕቃ ነው። ሞደሙ የታወቀውን ቋንቋ እስከተናገረ ድረስ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም ነበር።

ፍጥነቱ በ1994 በሴኮንድ 28 ሺህ 800፣ በ1998 ቪ.90 በተባለው ደንብ 56 ሺህ ደረሰ። በዚያው ዘመን አምራቾች አንድ ነገር አስተዋሉ። የኮምፒውተሩ አንጎለ ኮምፒውተር በጣም ፈጥኗል፤ ታዲያ በሞደሙ ውስጥ ሌላ ውድ ቺፕ ለምን እናስቀምጣለን? ስሌቱን በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ይሥራው። እንዲህ ሆኖ ሶፍት ሞደም፣ በገበያ ስሙም ዊንሞደም የተባለው መጣ። አስተርጓሚው ከሳጥኑ ወጥቶ በሲዲ ላይ ወዳለ ምስጢራዊ ፕሮግራም ተዛወረ። የእትዬ «ባዶ ነው» ፍርድ ይኸው ነው።

በአምራቾቹ ላይ ቶሎ ለመፍረድ አልፈልግም። ሞደሙ ረከሰ፤ የሚገዛው ሰውም በዛ። እኛም በድሀ በጀታችን የገዛነው ርካሽ ስለነበረ ነው። ድምፁን የማስላት ዘዴዎች ብዙዎቹ በፓተንት የተያዙ ስለነበሩ ምንጭ ኮዱን ለሕዝብ መስጠት ለኩባንያዎቹ ቀላል አልነበረም። ይሁንና ውጤቱን ማለባበስ አይቻልም፤ ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ዕቃው ፕላስቲክ ብቻ ሆነ።

ሊኑክሶች ምን አደረጉ? ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ነፃ ሶፍት ሞደም ለመጻፍ ሞከረ፤ ለፈጣኑ መስመር በሚበቃ መልኩ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ስማርት ሊንክ የተባለው ኩባንያ ግማሽ መንገድ መጣ፤ የድራይቨሩ ውጫዊ ክፍል በምንጭ ኮድ፣ ድምፁን የሚያሰላው ልቡ ግን በማይነበብ የተዘጋ ፋይል። ያ ፋይል ለ32 ቢት ኮምፒውተር የተዘጋጀ ስለነበር የ64 ቢት ኮምፒውተሮች ሲመጡ ሌላ ችግር ሆነ። ሊኑክሳንት የተባለው የካናዳ ኩባንያ ደግሞ የኮነክሳንት ቺፖችን ድራይቨር ያቀርብ ነበር፤ በነፃ የሚሰጠው በሴኮንድ 14 ሺህ 400 ቢት ላይ የተገደበ ሲሆን ሙሉው ፍጥነት ይከፈልበታል። በ2004 ይህ ድራይቨር የክርክር ምክንያት ሆነ። ሊኑክስ የተዘጋ ድራይቨር ሲጫን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚወስነው ድራይቨሩ ስለ ፈቃዱ የሚሰጠው ቃል ነው። በሊኑክሳንት ድራይቨር ውስጥ የነፃው ፈቃድ ስም ከተጻፈ በኋላ አንዲት ባዶ ባይት፣ ከእርሷም ቀጥሎ ፈቃዱ የሚመለከተው ጥቂት ፋይሎችን ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ማብራሪያ ተቀምጦ ተገኘ። ከርነሉ ባዶዋ ባይት ላይ ሲደርስ ንባቡን ያቆማል፤ የሚያየው ነፃ የሚለውን ብቻ ነው። ኩባንያው ተደጋጋሚው ማስጠንቀቂያ ደንበኞችን ስለሚያደናግር ነው ብሎ አስረዳ። ማብራሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ሊያነበው የሚችለውን ማሽኑ እንዳያነብ ማድረግ ለእኔ ተገቢ አይመስለኝም።

ዩኤስቢ በዚህ መካከል ነው የገባው። የመጀመሪያው ደንብ በ1996 ወጣ። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንኛውም ዕቃ ገና ሲሰካ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ይጠየቃል፤ ከሚሰጠው መልስ መካከል የመደቡ ቁጥር አለ። መደብ 2 የመገናኛ መሣሪያ ነው፤ በእርሱ ሥር ኤሲኤም የተባለው ንዑስ መደብ «የኤቲን ቋንቋ የምናገር ሞደም ነኝ» ማለት ነው። 255 ደግሞ በየትኛውም መደብ የማይገባ፣ ሠሪው ብቻ የሚያውቀው ዕቃ ነው። ቮይቴክ ፓቭሊክን ጨምሮ ጥቂት ፕሮግራመሮች ከደንቡ ተነሥተው የኤሲኤሙን ድራይቨር ጻፉ፤ በጃንዋሪ 2001 በወጣው ከርነል 2.4 ውስጥም ተካተተ። እነዚያ ሰዎች ይህን ከባድ ሞደም አላዩትም። የሞደሙ ሠሪም ስለ ሊኑክስ አላሰበ ይሆናል። ሁለቱ ወገኖች ግን አንድ ሰነድ አንብበዋል። ይህ ከባድ ሞደም ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር 2 ነው፤ ቀላሉ የሚሰጠው 255። ሦስት ሳምንት የተንከራተትኩት በአንዲት ባይት ላይ ባለ ልዩነት መሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም።

ሞደሙ «ኦኬ» ካለ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ይህን ክፍል ባጭሩ ልለፈው። የኮሌጁ መስመር በማዞሪያ በኩል ስለሚያልፍ ሞደሙ የማዞሪያውን የመደወያ ድምፅ አላወቀውም። ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል ኤክስ3 የሚለው ትዕዛዝ ተጨመረ፤ ወደ ውጭ መስመር ለመውጣት ከሚደወለው አኀዝ በኋላም ትንሽ እንዲታገሥ ኮማ ገባ። አገልግሎት ሰጪው የሰጠን መመሪያ የዊንዶውስ ሥዕሎች ብቻ ነበሩት። በመስመሩ ላይ የሚሠራው ፕሮቶኮል ግን በ1994 በይፋ የታተመው ፒፒፒ ስለነበር በሊኑክስ በኩል ፒፒፒዲ የተባለው ፕሮግራም ያለ ማንም ፈቃድ ተግባባ። ደብሊውቪ-ዳያል የተባለችው የካናዳውያን ፕሮግራም የቀረውን ጨረሰች። ባልደረባዬ የመጨረሻውን ፎርም በዚያው ማታ ላከ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማንም ስልክ እንዳያነሣ እጠብቅ ነበር።

ይህን በሀገራችን የኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ ማየት ይገባል። ከኢንተርኔት በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር፤ መልእክቶች ተጠራቅመው በስልክ ጥሪ በአንድ ጊዜ ይላካሉ። ይህ ሁሉ የተሠራው በተራ ሞደምና በኤቲ ትዕዛዝ ነው። በጃንዋሪ 1997 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምርም ተጠቃሚው የሚገባው በስልክ መስመር እየደወለ ነበር። የኢንተርኔት ታሪካችንን ስንጽፍ ስለ ኬብልና ስለ ሳተላይት እንጽፋለን፤ በየቢሮው ጥግ የነበረችው ሳጥን ግን በየትኛውም መዝገብ አትገኝም። የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገቦች ሳይወገዱ ይህን የሚሰበስብ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን የኢቪዲኦና የሦስተኛው ትውልድ ዩኤስቢ ሞደሞች ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የስልክ ገመድ የላቸውም፤ ውስጣቸው ግን ያው ነው። በሊኑክስ ስናሠራቸው ኤቲ ብለን እንጀምራለን፣ ዲ ብለን እንደውላለን። የሚደወለው ቁጥር እንደ ኔትወርኩ ዓይነት ኮከብ 99 መሰላል ወይም መሰላል 777 ነው፤ ቀጥሎ ፒፒፒ ይመጣል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲሰኩ የዊንዶውስ ፕሮግራም የያዘ ሲዲ መስለው ስለሚቀርቡ ሊኑክስ «ሞደም ነህና ሞደም ሁን» የሚላቸው ዩኤስቢ-ሞድስዊች የተባለ ፕሮግራም አስፈልጎት ነበር።

አሁን ሁለቱን ሞደሞች በፊታችሁ ከዚህ አዲስ ላፕቶፕ ጋር ላገናኛቸው። ቀላሉን ሰካሁት፤ በማያው ላይ እንደምታዩት የአምራቹ መለያ ቁጥርና 255 ብቻ ወጣ። ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም የሚሠራበት ዊንዶውስ ዛሬ የለንም፤ ሠሪውም አሁን ሞደም አይሠራም። ከባዱን ሰካሁት። ቲቲዋይ-ኤሲኤም-0። ኤቲ እላለሁ፤ «ኦኬ» ይላል። አሁን እንዲደውል አዘዝኩት። በሕንጻችን ያሉት ስልኮች በኔትወርክ ኬብል ስለሚሠሩ የሰጡኝ የግድግዳ ሶኬት የድሮ ነው፤ ከማዞሪያው ከተቋረጠም ቆይቷል። መልሱን በእንግሊዝኛ ጽፎላችኋል፤ የመደወያ ድምፅ የለም ይላል። ኤክስ3 ጨምሬ ሳይጠብቅ እንዲደውል ላድርገውና ድምፁን እንስማ፤ እርሱ እየደወለ ሳለ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።